የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች

ይድረስ ለልጄ ለታዲዮስ። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደክሟል።

የወንድምህን የበኃይሉን ሙት ዓመት አወጣን። ባሕር ላይ ስለቀረ መቃብር የለውም፤ ልብሱን ዘርግተን አለቀስንለት። ገብሱን ውርጭ መታው።

መምህር ዳኜን ሞላሌ ገበያ አገኘኋቸው። «እማማ፣ የታዲዮስ ዲፕሎማ ግድግዳ ሊጠብቅ ነው? ኮሌጁ መሠረቱን ሰጥቶታል፤ እጁ የሚፈታው በሥራ ነው። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ተበላሽተው አቧራ ለብሰዋል፤ ይምጣና ይጠግናቸው» አሉኝ። ደመወዙ ትንሽ ነው።

እህትህ መሲ ላፕቶፕህን መሸጥህን ነገረችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በኃይሉም ባሕር ተሻግሮ ሊሄድ ሲል በጎቹን ሸጦ ነበር።

ለመምህሩ ግን «ልጄ እሺ ብሏል፣ ሰኞ ይጀምራል» ብያቸዋለሁ። ውሸታም አታድርገኝ። እግዚአብሔር መንገድህን ወደ ቤት ያቅናልህ።

እናትህ ጥሩሸዋ