የአምለሰት ሁለተኛ ምስክርነት

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ደም ግፊትሽ እንዴት ሆነ? ጨው ቀንሺ ስልሽ ወጡ ላይ ቀንሰሽ ቆሎው ላይ እንዳትጨምሪው። እኔና አማችሽ እዮኤል፣ ከሜልቦርን ብርድ በቀር፣ ደኅና ነን።

ባለፈው በስልክ «ልጅ መስጠት የጌታ ሥራ ነው፤ እጅሽን ከዚያ ላብራቶሪ አውጪ» ስትይኝ ቶሎ የተሰናበትኩሽ ተቀይሜሽ ነው። እኔም እኮ ዓይኔን ጨፍኜ አልሠራም። ልጅ ላጡ ባልና ሚስት በላብራቶሪ ካዘጋጀናቸው የተረፉ ፅንሶች በሚወገዱበት ቀን ሌላ ሰው እንዲተካኝ፣ እምነቴ አይፈቅድም ብዬ አለቃዬን ለምኜ ተፈቅዶልኛል። የቀረውን ግን እየጸለይኩ እሠራዋለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን ባለታሪኳ ራሷ በአደባባይ ባትናገረው ኖሮ ከአፌ አይወጣም ነበር። አምለሰት የምትባል በቤተ ክርስቲያን አብራን የምትዘምር እህት አለች። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥታ ኖራ እኛ ክሊኒክ መጣች። ፅንሱ ማህፀኗ ውስጥ የገባ ቀን ስሟን ጠይቄ ፅንሱ የእሷ መሆኑን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ወልዳ ስትነሣ ማሪቢርኖንግ በሚባለው ሰፈር ለአምልኮ በምንከራየው አዳራሽ ለምስክርነት ቆመችና «ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒት ጌታ ሰጠኝ» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ በንዴት ጦፍኩ፤ የሙያ ምስጢር ነውና ዋጥ አድርጌው ተቀመጥኩ። ዓይናችን ሲገጣጠም አቀረቀረች። ምን ታድርግ፣ አንቺ ያልሽኝን የሚሉ እናቶች እዚህም ሞልተዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ማንም ሳይጠራት ማይኩን ያዘች። «ዋሽቻለሁ። ልጄን ያገኘሁት በሐኪሞች እጅ ነው» ብላ አለቀሰች። ሥራሽን ልቀቂ እያሉ ሁልጊዜ የሚቆጡኝ እትዬ ማንተግቦሽ ከፊት ወንበር ተነሡ። ሊገሥጿት ነው ብዬ ሰጋሁ። ልጁን ከእቅፏ ተቀብለው ትንሽ አዩትና «ለሐኪሞቹስ እጅ የሰጣቸው ማን ሆነና ነው?» አሉ። ያኔ እልልታው ቀለጠ። እኔም ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ካገባሁ ጀምሮ የተሸከምኩት የሰባት ዓመት ሸክም ነው የወረደልኝ።

እማዬ፣ «የልጅ ልጅ የማየው መቼ ነው?» ባልሽኝ ቁጥር ቀልድ እየፈጠርኩ አልፌሻለሁ። አሁን አልቀልድም። ያንቺ ምርቃት ሳይኖርበት ግን ልቤ አያርፍም። ሐሙስ ጠዋት ጸልዪልን፤ እዮኤልም ከሥራው ፈቃድ ወስዷል። የዚያን ቀን ክሊኒኩ የምገባው በሠራተኞቹ በር ሳይሆን፣ ከእሱ ጋር በታካሚዎቹ በር ነው።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይጨምርልሽ፤ ክንድሽንም ያበርታልሽ።

ምርቃትሽን የምትጠብቀው ልጅሽ