ሙዝ እንደሚበቅል ማስረጃ ላላገኘው ኮሚቴ

«በግንቦት 12ቱ የማጠቃለያ ፈተና ላይ በአዲሱ ሕንፃ የደረሰው የኔትወርክ መቋረጥ የተፈጥሮ ክስተት መሆኑ በኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ስለተረጋገጠ፣ መምህር ሀብተወልድ በመሣሪያ ምርጫው ላይ በተደጋጋሚ ከሚሰጡት አስተያየት እንዲታቀቡ፤ ገጻቸው የቆመባቸው አሥራ ዘጠኝ ሠልጣኞችም “ፈተና አቋርጠው የወጡ” ተብለው እንዲመዘገቡ ተወስኗል።»
(የግዢ ኮሚቴው ለእኔ ከጻፈው ደብዳቤ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.)

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ላቀው
የኩልፎ ማዶ ጤና ኮሌጅ የአስተዳደር ምክትል ዲንና የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የወገብ ሕመምዎ እንደተሻለዎት፣ የቢሮዎ ማራገቢያም በዚህ ሙቀት ሳያቋርጥ እየዞረልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሠራ አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ለሁላችንም መጽናኛ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሜ ከላይ ለጠቀስኩት ደብዳቤ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሬ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የሬዲዮ ሞገድ ጠባይ እጅ በማውጣት እንደሚወሰን የነገረኝ መምህር አልነበረም። የሠልጣኝ ውጤት በግዢ ኮሚቴ ሥልጣን ሥር ከሚገቡ ዕቃዎች አንዱ መሆኑንም ከእርስዎ ደብዳቤ ተምሬአለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ስለሚያነቡት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኮሌጃችን ሁለት ሕንፃዎች አሉት። የቴሌ መስመር የሚገባውና የፈተናው ጥያቄዎች የተጫኑበት ሰርቨር የሚገኘው በአሮጌው ሕንፃ ነው። አርባ ኮምፒዩተሮች ያሉት የፈተና አዳራሽ ደግሞ በአዲሱ ሕንፃ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ ሰማንያ ሜትር ርቀትና ከኩልፎ ወንዝ በቦይ የሚጠጣ የአቶ ዳልጮ የሙዝ እርሻ አለ። እርሻውን ቆፍሮ ገመድ መቅበር ስላልተቻለ ሁለቱን ሕንፃዎች በገመድ አልባ መሣሪያ ማገናኘት አስፈለገ። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚያስፈልግ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ገጽ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋት እንዳለብኝ አምናለሁ፤ ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ ነገር በኮሚቴው ዘንድ የሚመዘነው በክብደቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. የጠየቅሁት ለደጅ የተሠሩ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችሉ፣ አንዱ ሌላውን ፊት ለፊት እያየ ሞገዱን ሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚልክ ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ነበር። ኮሚቴው ሦስት ዋጋ ማቅረቢያዎችን ካወዳደረ በኋላ ለሳሎን ቤት የተሠራ ስምንት አንቴና ያለው ራውተር መረጠ። ምክንያቱም በቃለ ጉባኤው በማያሻማ አማርኛ ሰፍሯል፦ «ስምንት አንቴና ከአንድ አንቴና እንደሚበልጥ ግልጽ ነው»። ስሌቱ ትክክል ስለሆነ አልከራከርም። ነገር ግን ከኩልፎ ውሃ ጠልፎ ወደ አንድ ማሳ ሊያደርስ የሚፈልግ ገበሬ ቦዩን በስምንት አቅጣጫ እንደማይቀድ፣ ከቀደደም ውሃው ማሳው ሳይደርስ መንገድ ላይ እንደሚሰርግ፣ በዚህ አካባቢ መጻፍ የማይችል ሰው እንኳ ያውቃል። ኮሚቴው መጻፍ ስለሚችል ይሆናል ያላወቀው።

2. መሣሪያው የተሞከረው በጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ የአቶ ዳልጮ ሙዝ ገና ተተክሎ እስከ ጉልበት ነበር፤ አሮጌው ሕንፃ ከአዲሱ መስኮት እንደ ልብ ይታይ ነበር፤ ኔትወርኩም እያነከሰም ቢሆን ደረሰ፤ ተጨበጨበም። እኔ ግን መሣሪያው ከጣሪያ በላይ በምሰሶ ካልተሰቀለ ሙዙ አድጎ በሁለቱ ሕንፃዎች መሐል እንደሚቆም፣ ውሃ ያዘለ ቅጠልም ሞገዱን እንደሚውጥ አሳሰብኩ። የማሳሰቢያዬ መልስ በቃለ ጉባኤው ገጽ ሦስት ይገኛል፦ «ሙዝ ስለመብቀሉ ማስረጃ አልቀረበም»።

ክቡር ሆይ፣ ይህ የተጻፈው በአርባ ምንጭ ነው። ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት ሰባት ሰዎች ወደ ስብሰባው የመጡት ሙዝ የሚጭኑ መኪኖችን እየጠበቁ፣ መንገድ እየለቀቁ ነው። በስብሰባው መሐል የቀረበውም ሙዝ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ፤ ያንን እንደ ማስረጃ አለማቅረቤ ሌላው ጥፋቴ ነው።

3. መሣሪያው ከተሞከረ በኋላ በአሮጌው ሕንፃ ከመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ፣ አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ተሸፈነ። ዳንቴሉ በእጅ የተሠራና ያማረ ስለሆነ በሥነ ውበት በኩል ቅሬታ የለኝም።

4. አሁን ወደ ግንቦት 12 እመጣለሁ፤ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ለዚህች ቀን ባይሆን ኖሮ በዝምታ ጡረታዬን እጠብቅ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ዝናብ ዘነበ። ሙዙ ሰው ላይ ሰው ቢቆም የማይደርስበት ቁመት ላይ ነበር፤ ቅጠሉም ውሃውን ተሸክሞ ተንዠረገገ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከሠላሳ አራቱ ተፈታኞች ገና ያልጨረሱት የአሥራ ዘጠኙ ገጽ ቆመ። ከእነርሱ አንዷ ከካምባ የመጣች ቤተል የምትባል ሠልጣኝ ስትሆን፣ አርባ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንደቆመች ቀረች። ገጹ ይመለሳል ብላ እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከወንበሯ አልተነሣችም። በመጨረሻ ዘበኛው አቶ አሞጽ ቁልፉን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ኔትወርኩ እኮ ጠዋት ነው የወጣው፤ እዚህ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት። ኮሚቴው ይህችን ሰው ነው «አቋርጣ የወጣች» ብሎ የመዘገባት። እስከ መዝጊያው የቀረች ሰው እንደወጣች የሚያስቆጥር ደንብ ካለ ቁጥሩን ቢጠቅሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ቤተል በካምባ ጤና ጣቢያ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሥራ ይጠብቃታል፤ የሚጎድላት የዚህ ፈተና ውጤት ብቻ ነው። ውጤቱ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ደብዳቤዎን ሳነብላት አላለቀሰችም፤ እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺ ወረቀት ካምባ እንዳትደርስ። አባቴ “አቋርጣ ወጣች” የሚለውን ካነበበ ባል አገኘች ብሎ ሽማግሌ ይጠብቃል።» ሣቅን። ነገር ግን የሦስት ዓመት ትምህርት በአንድ ሙዝ ቅጠል ሲሸፈን የሚያስቀው ለጥቂት ጊዜ ነው።

5. ችግሩ ሙዙ መሆኑ ዘግይቶም ቢሆን ሲታወቅ፣ ኮሚቴው መሣሪያውን በመቀየር ፈንታ አቶ ዳልጮ ሙዛቸውን እንዲቆርጡ ደብዳቤ ጻፈ። ማኅተሙ ሙሉ ነበር። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ መልሳቸውን እንዳደርስም አደራ ስላሉኝ ቃል በቃል እነሆ፦ «ሙዜ ምን አጠፋ? እኔ ስተክለው ያ ሕንፃ ኔትወርክ አልነበረውም፤ አሁንም የለውም። ታዲያ ምኑን ነው የከለልኩት?»

በዚህ ክርክር ላይ የምጨምረው አላገኘሁም።

6. በግንቦት 13 ሰርቨሩን ራሱን ወደ አዲሱ ሕንፃ ወስደን ፈተናውን ሳንዘገይ እንድንደግም ጠይቄ ነበር። ሰርቨሩ በአሮጌው ሕንፃ ንብረት መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ያለ ንብረት ኮሚቴ ፈቃድ ከደጃፍ እንደማይወጣ ተነገረኝ። የንብረት ኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ በእርስዎ በኩል ጻፍኩ፤ ማመልከቻዬ ከአንዱ ጠረጴዛዎ ወደ ሌላው ጠረጴዛዎ እየተጓዘ እንደሆነ እገምታለሁ። በመካከላቸው ሙዝ እንደሌለ ተስፋ አለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የአሥራ ዘጠኙ ሠልጣኞች መዝገብ ይስተካከል፤ «አቋርጠው የወጡ» የሚለው ተሰርዞ «መሣሪያው ያቋረጣቸው» ተብሎ ይጻፍ። ፈተናቸው ሰኔ ከማለቁ በፊት ይደገም፤ ለዚያም ሰርቨሩ ለአንድ ቀን ከደጃፍ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መሣሪያዎች ከነመብረቅ መከላከያቸው፣ ከሙዙም ከጣሪያውም በላይ በሚያልፍ ምሰሶ ይሰቀሉ። ምሰሶው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ቢሆንም ጉልበቴ በኮሚቴ አልተወሰነም።

ለነዚህ ለሦስቱም የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ቤተል እስከዚያች ሰዓት ወንበሯ ላይ ቆይታ ስለነበር ሰዓቷን የወሰድኋት ከእርሷ ነው። በቃል የሚሰጥ መልስ፣ ትከሻ መታ መታ ማድረግ፣ «እየታየ ነው» የሚል መልእክት እንደ መልስ አይቆጠርም።

የክቡርነትዎን የድምፅ ብልጫ በማድነቅ፣ የስምንቱን አንቴናዎች ጤንነት በመመኘትና ለዳንቴሉ ያለኝን ልባዊ አክብሮት በመግለጽ፣

ለጊዜው ያልታቀበው ባልደረባዎ
ሀብተወልድ ገብረእግዚአብሔር
የኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩተር መምህር

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአሥራ ዘጠኙ ያልወጡ ሠልጣኞች
ለአቶ ዳልጮ (ሙዛቸውን ጨምሮ)

ማስታወሻ (ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለብቻው የተላከ)፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአሮጌው ሕንፃ ወደ ቢሮዎ በኢሜይል ልኬ ነበር፤ አምስት ሰዓት ላይ ግን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል የነበረው ኔትወርክ ጠፍቶ ቢሮዎ እንዳልደረሰው ጸሐፊዎ በስልክ ነግራኛለች። ስለዚህ አትሜ በአቶ ዳልጮ የአህያ ጋሪ ላክሁት፤ በሙዙ መሐል አልፎ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደርሷል፣ ጸሐፊዎም ፈርማ ተቀብላለች። ለሚቀጥለው የመሣሪያ ምርጫ ይጠቅም እንደሆነ በማለት ለኮሚቴው በአክብሮት የማሳውቀው፣ አህያዋ ያሏት ጆሮዎች ሁለት ብቻ እንደሆኑ ነው፤ ግን ሁለቱም የሚያዩት ወደምትሄድበት ነው።