ከመጻሕፍቱ ጀርባ ስለተቆረጠው አስተያየቴ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የወገብዎ ሕመም፣ የደረጃው ድካም፣ በተለይ ደግሞ ሰሞኑን መቀስ ይዞ ሲለፋ የሰነበተው ቀኝ እጅዎ እንዲሻለው ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጥርሴም ጥሎኝ ሄዷል፤ ዓይኔ ግን ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነው። ዓይኔን ለይቼ ያነሳሁት እርስዎን ያስቸገረዎት እሱ ስለሆነ ነው።

በማስታወቂያዎ ላይ «አንዳንድ ተገልጋዮች» ሲሉ የጻፉላት ሴት እኔ ነኝ። አንዲቷን ሴት ብዙ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ በዝቼ አላውቅም። ዕድሜዬን በሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል አንሶላ ስተኩስ ኖሬ ፊደል የቆጠርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አባታችን ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ሰዶ እኔንና ታላቅ እኅቴን ያስቀረን፣ ሴት ልጅ መጻፍ ካወቀች የፍቅር ደብዳቤ ትጽፋለች ብሎ ሰግቶ ነው። ነፍሱን ይማረውና ስጋቱ ከንቱ ነበር። ይኸው መጻፍ ባወቅሁ ጊዜ ደብዳቤ የምጽፍለት ወንድ ቢጠፋ እርስዎ ደረሰዎት።

ይህን ደብዳቤ በሩ ላይም ስለምለጥፈው፣ የሚያነበው መንገደኛ ነገሩ እንዲገባው ስለ ልማዳችን ጥቂት ልበል። በቤተ መጻሕፍታችን በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ ባዶ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አንብቦ የጨረሰ የመሰለውን ይጽፍበታል፤ ተከታዩ ያንን አይቶ መጽሐፉን ይወስዳል ወይም ይተወዋል። የጎልማሶች መምህሬ፣ ያነበበ ሰው ቢያንስ ሁለት ዐረፍተ ነገር መመለስ አለበት ብላ ስላስተማረችን፣ እኔ ሕግ መስሎኝ ሳልጽፍበት የመለስኩት መጽሐፍ የለም። ሳይጽፉ መመለስን ሰው ቤት በልቶ እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉ እንደመውጣት ነበር የቆጠርኩት። የተማሩት አንባቢዎች «ጥሩ ነው» ብቻ ብለው እንደሚያልፉ ስረዳ ጊዜው አልፎ ነበር፤ እጄ ለምዷል።

ባለፈው ሰሞን አዲሶቹን መደርደሪያዎች የለገሱን ባለጸጋ ሊጎበኙን መጡ። እሳቸው ስለ ስኬት የሚያስተምር መጽሐፍም ጽፈዋል። በእንግዶቹ ፊት የመጽሐፋቸውን ጀርባ ገለጡና ሕዝቡ ምን እንዳለላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የተጻፈው ይህ ነበር፤ «ጸሐፊው ሀብታም መሆን የሚፈልግ ሰው ሳይነጋ ይነሳ ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይነጋ ተነስቻለሁ፤ ሀብቱ የተከፋፈለው ምናልባት አንሶላ ስተኩስ ይሆናል።» ባለጸጋው መሐል ላይ ድምፃቸው ወረደ፣ ከእንግዶቹ አንዷ ሳቋን መያዝ አቃታት፣ እርስዎን ደግሞ ሳል ያዘዎት። በማግስቱ የአስተያየት ወረቀቶቹ ከየመጽሐፉ ተቆርጠው አለቁ። በሩ ላይም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ የሌለው ሰው በመግቢያው አጠገብ ካለው የጀማሪዎች መደርደሪያ በቀር መጽሐፍ እንዳይዋስ የሚያዝ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስለዚህ ቅሬታዎቼን እንደ ወጉ ቁጥር ሰጥቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ሲባል ሰምቻለሁ። በንግግሬ ቢፈርዱብኝ መብትዎ ነው፤ ግን የእኔን ለመጣል የሌሎቹን ሁሉ መቁረጥዎ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ስለ ንብ እርባታ የጻፈው፣ አንዲት እናት በሕፃናት ተረት ጀርባ ልጇ የሳቀበትን ቦታ ያመለከተችበት፣ ሁሉም ቅርጫት ገባ። የእነሱን መመለስ አልችልም። የራሴን ግን አልረሳሁትምና፣ ለመጽሐፍ መዝገብዎ ይጠቅም እንደሆነ እነሆ ደግሜ ጽፌዋለሁ።

የወንጀል ልብ ወለዱን በተመለከተ ጥፋት አለብኝ። የአስተያየቱ ወረቀት ከኋላ ስለሆነ መጽሐፍን ከጀርባው መክፈት ልማዴ ነው፤ በዚያው የመጨረሻውን ገጽ አየሁና ገዳዩን አወቅሁት። ከዚያ ወዲያ መርማሪው በቀረበ ቁጥር የምሰጋው ለገዳዩ ሆነ፤ መቼም እንደዚያ ተጨንቄ አንብቤ አላውቅም። ስለዚህ «ገዳዩ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ቢሆንም እዘኑለት» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፍ የምታውሰን ልጅ፣ እማማ ምነው ጉድ ሠሩን ብላ ስትቆጣኝ ራሴ ወረቀት ደርቤ ሸፈንኩት። ይህን ብቻ ቢቆርጡት ኖሮ እጅዎን በሳምኩ ነበር።

የቀድሞውን ባለሥልጣን የሕይወት ታሪክ አንብቤ የጻፍኩት ግን ዛሬም ያው ነው። እኚህ ሰው መንገድ ሲሠራ «እኔ» ይላሉ፣ ድልድይ ሲሠራ «እኔ» ይላሉ፤ ድልድዩ ሲወድቅ «በወቅቱ የነበሩ ሁኔታዎች» ይላሉ። መጽሐፉን ዘግቼ ሁኔታዎች የሚባለውን ሰው ፈለግሁት፤ ምስኪን፣ ያን ሁሉ ጥፋት ሲሸከም ኖሮ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልወጣለትም።

ስለ ታሪክ መጽሐፉ የጻፍኩት አጭር ነው፤ «ደራሲው የተጣላው ሰው አለ። ቢታረቁ መጽሐፉ በግማሽ ያጥር ነበር።» የግጥሙን መጽሐፍ ስወስድ ደግሞ ገጹ ሁሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ከዚያ በአንዲት ገጽ ላይ ልጅ የሞተች እናቱን ጫማ ከበር ማንሳት ሲያቅተው አነበብኩ። ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ለምን እንደተተወ ገባኝ። በዚያኛው የአስተያየት ወረቀት ላይ «አነበብኩት» የሚል ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ እሱንም ቆርጠውታል። ከሁሉም የቆጨኝ እሱ ነው።

ሁለተኛ። ስለ ጀማሪዎቹ መደርደሪያ። ከዚያ የወሰድኩት መጽሐፍ አንዲት ዶሮ እንቁላል እንደጣለች ይናገራል፤ እውነቱን ለመናገር አመንኩት። ከባለሥልጣኑ መጽሐፍ በኋላ እንቁላሉን ራሷ ጥላ ራሷ የምትታቀፍ ፍጡር ማግኘቴ አሳረፈኝ። ነገር ግን ማስታወቂያውን በለጠፉ ዕለት አቤት ልል መጥቼ ከቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ መጽሐፍ ለምታውሰን ልጅ ስለ እኔ ሲናገሩ ሰማሁ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ነበር ያሉት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔም ሳልገባ ተመለስኩ፤ ፈርቼ እንዳይመስልዎት፣ ተረቱ እውነት ሆኖብኝ ነው። ስሰማ እኮ ቆይቻለሁ፤ አንሶላ እየተኮስኩ የአለቆቼን ወሬ፣ የአባቴን ፍርድ፣ የወንድሞቼን ሳቅ ስሰማ ኖሬያለሁ። ሳላብድ የቆየሁት መልስ የምጽፍበት ወረቀት ስላልነበረኝ ነው።

ሦስተኛ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ችላ ቢሏቸው እኔም እተዋቸው ነበር። ይህኛውን አልተውም።

ታላቅ እኅቴ ዕድሜዋን ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ፊደልም አታውቅም። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎ ወደ ቤት ሲሰዳት ምን ማለቱ እንደሆነ ለሁለታችንም ገብቶናል። እንድታርፍ ብዬ ያንን ወፍራሙን ልብ ወለድ ማንበብ ጀመርኩላት። ስለ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ሚስት ነው። እኅቴ ባልየውን ገና ቤት ሲገባ ጫማውን ሲወረውር ጠልታዋለች፤ ገጹን ሳልገልጥ ቀድማ ትሰድበዋለች፤ ሴትዮዋ ቻለችው ብዬ ሳነብ አልቻለችውም ብላ ታርመኛለች። ብዙ ጓዳ ለጓዳ ከተጓዝን በኋላ ሴትዮዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ቲኬቷን ጨብጣ ባቡር ጣቢያ ደረሰች። ባቡሩ ቆሟል። ከኋላዋ የባሏ እኅት እየሮጠች ስሟን ትጠራለች። ልክ እዚያ ላይ ነው የእርስዎ ጥበቃ በራችንን አንኳኩቶ መጽሐፉ ለጀማሪ አይሆንም ተብሏል ብሎ የወሰደው።

ከዚያ ወዲህ እኅቴ ጠዋት ከጤናዬ በፊት የምትጠይቀኝ፣ «ሴትዮዋ እስካሁን ቆማ ነው?» እያለች ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሻንጣውን እንኳ መሬት ብታስቀምጠው ምናለ ትላለች። ይህንኑ ላስረዳዎት ዳግመኛ ቢሮዎ ስመጣ፣ ሌሎች ብዙ ጥሩ መጻሕፍት እንዳሉ፣ የዶሮዋም መጽሐፍ ሥዕል ስላለው ለታመመ ሰው እንደሚስማማ መከሩኝ። ዓይኗ ለማያይ ሴት ሥዕል ስላሰቡላት ምስጋናዬን አድርሺልኝ ብላኛለች። ሌላም ያለችው ነበር፤ እሱን ግን ለክብርዎ ስል እተወዋለሁ።

ተስፋ ስቆርጥ የዶሮዋን መጽሐፍ ከፊቷ ገልጬ፣ ገጽ ሲገለጥ እንድትሰማ እያደረግሁ፣ ወፍራሙን ልብ ወለድ ራሴ መጨረስ ጀመርኩ። የባልየው እኅት የምትሮጠው ልትመልሳት ሳይሆን አብራት ልትሄድ ነው አልኩ። እሷም ቲኬት ነበራት፤ እሷም ከዚያ ቤት ለመውጣት ስትመኝ የኖረች ነበረች። ሁለቱን በመስኮት በኩል አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኳቸው፣ ሻንጣውንም ከራሳቸው በላይ ሰቀልኩት፣ ባቡሩንም አስነሳሁት። እኅቴ ይህ የመጽሐፉ ነው ወይስ የአንቺ ብላ ጠየቀችኝ። የመጽሐፉ ነው አልኳት።

«ደራሲው እንዲህ ካልጻፈ ጥፋቱ የራሱ ነው» አለችና ተኛች።

ጠዋት ስትነቃ ደግሞ፣ በይ አሁን እውነተኛውን አምጪና እናወዳድር አለችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ባለጸጋውን ይቅርታ እንድጠይቅ በልጅቱ በኩል የላኩብኝን መልእክት ተቀብያለሁ፤ አልጠይቅም። ሳይነጋ መነሳቴን እንዳልተነሳሁ አድርጌ ልጽፍላቸው አልችልም። የእኅቴን መጽሐፍ ግን ይመልሱልኛል። ልቧ የባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ እንዲቀር አልፈቅድም።

መጽሐፉ እስኪመለስ ደንብዎን በታማኝነት አከብራለሁ። የተፈቀደልኝ የዶሮዋ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ድምፄን አውጥቼ ካልሆነ ማንበብ አልችልም፤ መምህሬ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ከሚከፈትበት እስኪዘጋ፣ ከመስኮትዎ በታች ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዶሮዋን አነባለሁ። አጭር ናት፤ በቀን ብዙ ጊዜ ትጥላለች። ትናንት ስጀምር ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ከነ ሳሙናው ትቶ መጥቶ አዳመጠኝ፤ ሲሄድም ስለ ዶሮዋ ሁለት ዐረፍተ ነገር በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። እኔ አላዘዝኩትም።

ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ሲጽፍ የነበረውን በበር ላይ እንዲለጥፍ ስላበቁት፣ በሕይወቱ መጽሐፍ ያልነካው ሁሉ ያቺ ሴትዮ ምን ብላ ነው የጻፈችው እያለ የስኬቱን መጽሐፍ እንዲጠይቅ ስላደረጉ፣ እኔንም ከአንባቢነት ወደ ደራሲነት ስላሳደጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ለእርስዎ ካለኝ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጠው ትዝብት ጋር፣
ከበሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ በላይ እጇን እንዳታነሳ የተፈረደባት፣
የሰማች ዕለት ያበደችው አንሶላ ተኳሽ፣
በእርስዎ አጠራር «አንዳንድ ተገልጋዮች»

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ማስታወቂያዎንም እንደ ልማዴ እስከ መጨረሻው አንብቤ ከሥሩ አስተያየቴን ጽፌበታለሁ፤ «አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ዋናው ሰው በሩን ዘግቶ ስለተቀመጠ እስከ መጨረሻው አይታይም።» ከዚህ ደብዳቤ በታች ደግሞ ግማሽ ገጽ ባዶ ትቼልዎታለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉበት፤ ማንም አይቆርጠውም፣ የትምህርት ማስረጃም አይጠየቁም።