ጎሹን ከዋንጫው ላስወጣው ስል

እሑድ፣ የዒድ ሁለተኛ ቀን

ዛሬ ሰፈራችንን ሳጃናን ለግማሽ ፍጻሜ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ ኳሷን አልነካኋትም። ሁለቱንም ጎል ያገባው ዘጠኝ ቁጥራችን ጎሹ ነው። ግን የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ዝርዝር ደግሞ ማንም ሜዳ አይገባም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የኔ ነው።

ከማታ ትምህርት አማርኛ ማንበብና መጻፍ ተምሬ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንላትን፣ እነዳለሁ። ድሮ ጽሑፍ ሁሉ ለኔ የግድግዳ ጌጥ ነበር፤ አሁን የቡድን ጸሐፊ! መምህራችን «በየቀኑ ትንሽ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል» ስላለች ይኸው።

የዒድ ዋንጫ ጨካኝ ነው። ከተማው ሥራ ሲፈታ የየሰፈሩ ሐበሻ ቡድን ያወጣል። የተሸነፈ በዚያው ወደ ቤቱ! መልስ ጨዋታ የለም። ዓምና በመጀመሪያው ቀን ነበር የተሰናበትነው።

አሰልጣኛችን ኢድሪስ እናቱ የጎንደር፣ አባቱ የኦምዱርማን ሰው ናቸው። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋዋል። ዛሬ ሲደሰትም ጠፋው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ጎሹ ፈረስ ነው፣ ወላሂ ፈረስ!» እያለ የኔን ራስ ሳመ። የጎሹን ለመሳም ቁመቱ አልደረሰም።

ነገ ከካፉሪ ሰፈር ቡድን ጋር። የቪላ ዘበኞችና ሾፌሮች ናቸው፤ በአሠሪ መኪና ነው የሚመጡት። ማሊያቸው ተተኩሷል አሉ። ይሄ አሳሰበኝ።

ሰኞ

አሸነፍን! አንድ ለባዶ! ጎሹ! ጉሮሮዬ ተዘግቷል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የካፉሪ አምበል ለኮሚቴው «ዘጠኝ ቁጥራቸው ዝርዝሩ ላይ የለም» ብሎ አቤት አለ። ሳቅሁበት። «ወንድሜ፣ ማንበብ ካቃተህ የማታ ትምህርት ቤቱን ላሳይህ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተካ የጎሹን የመኖሪያ ካርድ ተቀበሉ። ዐረብኛውን ጮክ ብለው አነበቡ። «ሙሳ አብደላ።»

ዝርዝሩ ላይ ያለው «ጎሹ ታከለ» ነው። በራሴ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ።

እዚህ ብዙው ልጅ ሁለት ስም አለው። አንዱ እናቱ ያወጣችለት፣ አንዱ ፓስፖርት ያሠራለት ደላላ የሰጠው። ከሌላ ሰፈር ሰው እንዳንዋስ ሕጉ የካርዱን ስም ጻፉ ይላል። ካርዱና ዝርዝሩ ካልተስማሙ ቡድኑ ከዋንጫው ይወጣል። ነገ አራት ሰዓት ይፈረዳል።

ኢድሪስ አፈጠጠብኝ። «ኢንታ ዘሪሁን፣ ካርድ አላየህም?»

«አይቻለሁ» አልኩ።

እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ጎሹ ካርዱን ዘርግቶልኝ ነበር። ግን ዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ ደግሞ አፌ ላይ እንጂ ዓይኔ ላይ የለም። ጸሐፊ በተባልኩ ማግስት አላነበውም ማለት አፈርኩ። እንዳነበበ ሰው ራሴን ነቅንቄ መለስኩለትና የማውቀውን ስም ጻፍኩ።

ኢድሪስ ጎሹ ሌላ ካርድ አሳይቶ ያታለለን መሰለው። ጀርባውን ሰጠው። ጎሹ «አሳይቼዋለሁ» ማለት ይችል ነበር። እኔን አየኝና ዝም አለ።

ምነው በሰደበኝ።

ማክሰኞ

ብናገር ሳጃና በሙሉ ይስቅብኛል። ባልናገር ጎሹ አጭበርባሪ ተብሎ ይቀራል፣ እኛም እንወጣለን። ብናገርም ላያምኑኝ ይችላሉ። ቁርስ አልበላሁም። እኔ!

ሄድኩ። ኮሚቴው ጋሽ ተካ ምግብ ቤት ተሰብስቧል። ተነሣሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጥፋቱ የኔ ነው! ጎሹ ካርዱን አሳይቶኛል። ዐረብኛ ማንበብ ስለማልችል የማውቀውን ስም ጻፍኩ!» አልኩ።

የካርዱን ፎቶ አዩ፣ ጎሹን አዩ፣ ተማከሩ። ጋሽ ተካ ፈረዱ። ልጁ አላታለለም፤ ውጤቱ ይጸናል። ዝርዝሩን ሌላ ሰው እንደገና ይጻፍ። ጸሐፊው በፍጻሜው ዕለት የሜዳውን ገመድ እንዳያልፍ።

አለን! ፍጻሜ ላይ አለን!

የካፉሪው አምበል ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በል እንግዲህ፣ ትምህርት ቤቱን አብረን እንፈልገው» አለኝ። ዋጥኩት። ኢድሪስ ጎሹን በረጅም ዐረብኛ ይቅርታ ጠየቀው። ጎሹም «ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም» አለው። ወደኔ ዞሮ ደግሞ «ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለ።

ረቡዕ

ሁለት ለአንድ!!! ዋንጫው ሳጃና ነው!

ከማዮ ጋር ነበር። የማዮ ልጆች ኳስ የተማሩት ድንጋይ ላይ ነው፤ ሲወድቁ የሚያመው መሬቱን ነው። እኔ ረክሻዬን ከገመዱ ውጪ አቁሜ በጎኗ ተንጠልጥዬ አየሁ። ቀድመው አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ አምበላችን በጭንቅላቱ አቻ አደረገን። ሊያልቅ ሲል ኳሷ አቧራ ውስጥ ጠፋች። ሁሉም እርስ በርሱ ተራገጠ። ከዚያ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ የጎሹን ጭን መትታ ገባች። ጎሹ ራሱ መግባቷን ያወቀው ስንጮህ ነው። ክላክሱን ተጭኜ ባትሪዬን ጨረስኩት። ኻላስ! ረክሻዬን እስከ አስፋልቱ የገፉልኝ የተሸነፉት የማዮ ልጆች ናቸው፤ እየሰደቡኝ።

ጋሽ ተካ በድምፅ ማጉያ «የጨዋታው ኮከብ፣ ሙሳ አብደላ!» ሲሉ ማንም አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ ሙሳ የሚባለውን ይፈልጋል። ጎሹም አብሮ ይፈልጋል። ኢድሪስ ከኋላ ሲገፈትረው ነው የባነነው።

አሁን ልናዘዝ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። ትናንት ድምፄን ከፍ አድርጌ አልተናገርኩም። ተነሣሁ፣ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣ አለችኝ። ደረቴንም አልነፋሁም። ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ እዚያው ቆሜ ወረቀት ላይ ጻፍኩትና ለጋሽ ተካ ሰጠኋቸው። ጮክ ብለው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ለምን እንዳስቀሩት አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፈራሁ።