በቃሬዛ የተለካው ኮሪደር

ውድ ሜትሬ፣

ሜትር ከእጅሽ አልጠፋ ሲል ያወጣንልሽ ስም ዛሬም አልለቀቀሽም። እማዬ እንኳ ጠዋት ጠዋት "ሜትሬ ደወለች?" ነው የምትለኝ። አልደወልሽም። ስልክ ላይ ደግሞ ቁጣሽ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። አሁን እስኪ አቋርጪኝ!

ወሬውን ላስቀድም። የነደፍሽው ጤና ጣቢያ የወረዳውን የሕዝብ ሕንጻ ሽልማት ወስዷል፤ አንደኛ ነሽ። ያሸነፈ ሰው አዲሱን ትምህርት ቤት ይነድፋል። ግን ሽልማቱ በሚሰጥበት ዕለት ራሱ ተገኝቶ "እሠራለሁ" ማለት አለበት፤ ካልመጣ ሥራው ለሁለተኛው፣ መስታወት በመስታወት የሆነውን አዳራሽ ለሠራው ሰውዬ ያልፋል። አንቺ ደግሞ ባለፈው ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ? "ከእንግዲህ ለሕዝብ ሕንጻ እርሳስ አላነሳም። ጎተራ ነው አሉት። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።" አንጀቴን ነው ያሳረርሽው። አንቺ እዚያ ከተማ የሱቅ መስኮት ትስያለሽ፣ እኔ እዚህ ጎተራሽ ውስጥ ሳዋልድ እውላለሁ። እንግዲህ ዳኞቹ የመጡ ዕለት የሆነውን ስሚ።

አንደኛው ሽማግሌ አርክቴክት ናቸው። ሌላው የወረዳው ኃላፊ፣ ያ "ጎተራ" ብሎ ስም ያወጣልሽ ራሱ! ገና ከደጅ "ጋሼ፣ አዳራሹን አይተን መጥተን እዚህ ጊዜ ባናጠፋ? ፊት ለፊቱ እኮ መስታወት እንኳ የለውም" ይላቸዋል። ደሜ ፈላ። ልመልስለት አፌን ስከፍት በሩ ተበረገደና አራት ሰዎች ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ገቡ። ኃላፊው ደንግጦ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ምን አስለጠፈው? ቦታው ለሁሉም ይበቃል። ሰዎቹ ሳይቆሙ፣ "ቀስ! ወደ ግራ!" ሳይባባሉ መታጠፊያውን ዞረው ሄዱ። ተረኛዋ አዋላጅ ተቀበለቻት።

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። "ይሄን መታጠፊያ ማን ለካው?" አሉኝ።

"የለካችው እህቴ ናት፤ የተለካሁት ግን እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ጨርሰሽ ካልነገርሽኝ አሉ፣ ነገርኳቸው። መሠረቱ ሳይቆፈር ሜዳው ላይ በኖራ ኮሪደሩን አስምረሽ፣ ክር ወጥረሽ "ይሄ ግድግዳ ነው" ስትይ፣ እኔን ከነውፍረቴ ቃሬዛ ላይ አጋድመሽ ግንበኞቹን "አዙሯት!" ስትይ። ክሩን በነኩ ቁጥር መስመሩን አጥፍተሽ ታሰፊ ነበር። "እህትየዋ፣ ሕንጻው ከሚሰፋ አንቺ ብትከሺልንስ?" ይሉኝ ነበር ላብ በላብ ሆነው። እማዬ ከዳር ቆማ "ቤት ይለካል እንጂ ሰው ይለካል? ልጄ አበደች!" ትላለች። እኔ በሳቅ ልሞት ነው። አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። ጎንበስ ብለሽ "ፀሐዩ ዓይንሽ ውስጥ ገባ?" አልሽኝ። አዎ ስልሽ ንድፉ ላይ የጣሪያውን መብራት ሁሉ ወደ ግድግዳው አወረድሽው፣ ጣሪያውን ጣውላ አለበስሽው። "ለተኛ ሰው የቤቱ ፊት ጣሪያው ነው" ያልሽኝ ያን ቀን ነው። ያኔ አልነገርኩሽም እንጂ በጣም ኮርቼብሽ ነበር። ታናሼ ነሽ ብዬ ነው መሰለኝ የዋጥኩት።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጫማቸውን አወለቁና ባዶ ቃሬዛ ላይ ወጥተው ተኙ!

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አለ ኃላፊው።

"ምንም አልሆንኩም፣ ያዝ!"

እሱና ሾፌሩ ከፊት፣ ዘበኛውና እኔ ከኋላ ሆነን ከበሩ እስከ ማዋለጃው ክፍል ተሸክመናቸው ሄድን። ኃላፊው መታጠፊያው ላይ ሊጋጭ ነው ብሎ ትከሻውን ሰበሰበ። የሚጋጭበት ነገር የለማ! ስናወርዳቸው አልተነሱም። ሽቅብ ጣውላውን ያያሉ። ሰውዬው ምን ነካቸው ብዬ ደነገጥኩ። ቆይተው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና "ተኝቶ ያላየው ሰው ይህን ቤት አላየውም" አሉ። ኃላፊውም ላቡን እየጠረገ ቀስ ብሎ "እህትሽ ናት አልሽኝ?" አለኝ። ጎተራ የምትለዋ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልወጣችም።

እማዬማ ምን ልበልሽ። "እኔ ድሮም አውቅ ነበር" አለች። "አበደች ስትይ አልነበር?" ብላት "ዝም በይ አንቺ ወፍራም!" አለችኝ። አሁን ሳያማት ጤና ጣቢያ እየመጣች ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ "ልጄ ናት የሠራችው" እያለች ታደክማለች። ነይና አስታግሺልን።

ያቺ ሴት በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። በማግስቱ ልጠይቃት ስገባ ሕፃኗን አቅፋ እንዲህ አለችኝ፦ "ስገባ የምሞት መስሎኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ጣውላዎቹን አየሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀበለኛል። እነሱን ስከተል ሳላስበው ደረስኩ።"

አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየውም ብለሻል። የኔ እህት፣ ቀና ማለት ያቃታቸው ናቸው ያዩልሽ።

እና ትመጫለሽ። ለትምህርት ቤቱ የተሰጠውን ሜዳ ሄጄ አየሁት፤ ሰፊ ነው፣ ኖራውንም ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል ትይ ይሆናል። አንቺና እኔ ከኋላ ወንበር ምን ስናደርግ እንደነበር ረሳሽው እንዴ?

ክሩን አንቺ ይዘሽ ነይ። መተኛቱን ለእኔ ተዪው።

እስካሁን ያልከሳችው፣
የተለካችው እህትሽ