ግርማ ይሩጥ አይሩጥ

ረቡዕ፣ ጁላይ 18፣ 2018

ቤዝ ቦል ልጫወት ይለኛል። እራት ላይ ነው የተናገረው፣ ሹካውን እንኳ ሳያስቀምጥ። ብሩክሊን ፓርክ ከተማ የሚሠራበት መጋዘን ያሉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። ሰው ጎደለን ብለው ጠየቁት፣ እሺ አለ። ባለፈው ማርች ልቡ ላይ ስቴንት የሚሉትን የደም ሥር መክፈቻ ያስገባው ባሌ ግርማ። ከመኪናው እስከ በሩ እየቆመ እያረፈ የሚመጣው ግርማ።

ሐኪሙ ድነሃል፣ ብትፈልግ ሩጥ ብሎታል። ማን ሰምቶት። ደረጃ ሲወጣ አንድ እጁ አንገቱ ላይ ነው፣ ትርታውን ያዳምጣል። የግሮሰሪ ፌስታል አያነሳም። ሣር አያጭድም። ከልጃችን ከሊያ ጋር በስልኳ ምክንያት መጨቃጨቅ ትቷል፣ ልጅቷ ራሷ "ዳዲ ምን ሆኖ ነው?" እያለች ትጠይቀኛለች። አሁን ደግሞ ብድግ ብሎ ቤዝ ቦል።

ምነው ትንሽ ብትንቀሳቀስ እያልኩ ስነዘንዘው የከረምኩት እኔው ነኝ። እሺ ሲል ጊዜ ደግሞ የፈራሁት እኔው። እኔም አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 19

ሥራ ላይ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለ። ፍሪድሊ ያለው ፋብሪካችን ለልብ ሕክምና የሚሆን ቀጭን ቱቦ ይሠራል፣ እኔ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እንከን ያለበትን አወጣለሁ። ድሮ ቱቦ ቱቦ ነበር። ከማርች ወዲህ እያንዳንዱ ግርማ ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል። ዛሬ ደህናውን ሁሉ ሪጀክት ሳደርግ አለቃዬ መጥታ "ደህና ነሽ ግን?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ምን ልበል?

ምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለአብዲ ደወልኩ። አብዲ መጋዘን አብሮት የሚሠራ የወለጋ ልጅ ነው፣ ግርማን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያየው። ጨዋታውንም የሚያስተባብረው እሱ ነው። "በናትህ አብዲ፣ እንዳይሮጥ አድርግልኝ" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ስለ ልቡ ስነግረው "ልቡን ደግሞ ምን ሆኖ?" አለኝ። ለካ ግርማ ለሥራ ጓደኞቹ ወገቤን አሞኝ ነው የቀረሁት ብሏቸው ኖሯል። ጉድ አይደል? ምስጢሩን እኔ አወጣሁበት።

አብዲ "አይዞሽ ወይኒ፣ እሱ ይመታል፣ ሌላ ሰው ይሮጥለታል። ለማንም አልናገርም" አለኝ። ቀለል አለኝ። ለግርማ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?

ዓርብ፣ ጁላይ 20

ጓንት ገዝቶ መጣ። የቆዳ፣ ሰፊ፣ እጁ ገብቶበት ጠፋ። ሳሎን ተቀምጦ በጡጫ እየደበደበ ያለሰልሰዋል። "በቃ ተው፣ ቲቪ ልይ" ብለውም አልሰማኝም።

ሊያ ጨዋታውን በስልኳ እያሳየች አስረዳችኝ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ቤዝ የሚሏቸውን ነገሮች እየረገጠ ዞሮ ከተነሳበት ከተመለሰ ነጥብ ነው። ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ሲሄድ ኳስ የያዘ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ከነካው ግን አለቀለት፣ ይወጣል። የቀሩት ቆመው ቆባቸውን ያስተካክላሉ። ሳየው የዕረፍት ጊዜ ይመስላል፣ ትንሽ ተጽናናሁ። የሚያስፈራኝ ያ ሩጫው ብቻ ነው።

"ማሚ፣ ጀስት ሌት ሂም ጎ" አለችኝ ሊያ፣ ዝም ብለሽ ልቀቂው ማለቷ ነው። አፍ አላት። እሷ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ አላደረች።

ማታ ስጸልይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጌታ ሆይ ነገ ዝናብ አድርገው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 21

ዝናብ የለም። ጠራራ ፀሐይ።

በሥርዓት ልጻፈው።

ታጣፊ ወንበር፣ ውሃ፣ መድኃኒቱን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ቡድን ሆኑ። አብዲ ለተቃራኒው ቡድን ደረሰ፣ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ግርማ ዱላውን ይዞ ሲወጣ አንድ ረጅም ላይቤሪያዊ ባልደረባቸው መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ግርማ ምን ፈልገህ ነው አለው። ሰውየው ምን ያውቃል፣ "አብዲ ሩጥለት ብሎኝ ነው" ብሎ እቅጩን ነገረው። ግርማ አብዲን አየ። አብዲ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

መጥቶ ፊቴ ቆመ። አልጮኸም። "ወይንሸት፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" አለኝ። ሙሉ ስሜን ከጠራ ተቆጥቷል ማለት ነው። ላይቤሪያዊውን ትከሻውን ቸብ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰውና ዱላውን አነሳ።

ሁለቴ ሳተ፣ ሦስተኛውን ከሳተ ይወጣል። በልቤ ይሳት፣ ይሳት እላለሁ። በሦስተኛው መታት፣ ኳሷ ከሰዎቹ ሁሉ አልፋ ሄደች። ግርማም ሮጠ። አቤት አሯሯጥ፣ ሆዱ ቀድሞ እሱ እየተከተለ። አንደኛውን ቤዝ ረገጠና ይቆማል ስል አልቆመም፣ ወደ ሁለተኛው ቀጠለ። ኳሷ ተወርውራ አብዲ እጅ ገባች። ግርማ ቤዙ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በግንባሩ ተደፋ።

ተነሳሁና መድኃኒቱን ከቦርሳዬ መፈለግ ጀመርኩ። እኔን ይድፋኝ ያልኩ ይመስለኛል።

አብዲ ኳሷን እንደያዘ በአንድ ጣቱ ቢነካው ያበቃ ነበር። እሱ ግን "እኔን! እኔን ጋሽ ግርማ!" ብሎ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀመጣትና በሁለት እጁ ብብቱን ይዞ አነሳው። አቧራውን ያራግፍለታል፣ "ምንህን ነው? ልብህን ነው?" ይለዋል። የራሱ ቡድን በእንግሊዝኛ ንካው፣ ንካው እያለ ይጮህበታል። ሰው ወድቆበት ማን ይሰማቸዋል።

ግርማ ቀና አለ። ሣሩ ላይ ያለችውን ኳስ አየ። የአብዲን ባዶ እጆች አየ። አፈትልኮ ሮጠ።

የኔ ባል። ያነሳውን ሰው እንደ ቆመ ትቶት ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ረገጠ፣ ዞሮ ከተነሳበት ገባ። አብዲ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ውሃውን ይዤ ደረስኩ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያለከልካል፣ ክርኑ ተልጧል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። "ምን ተሰማህ? ደረትህን? ክንድህን?" እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና "ተቆጠረ?" አለኝ።

ጨዋታው ቆሞ ክርክር ሆነ። የአብዲ ቡድን ይህ ጨዋታ አይደለም አለ። የግርማ ቡድን ኳስ መሬት ማስቀመጥ የእናንተ ጥፋት ነው አለ። አብዲም ተናደደ፣ በግርማ ግን አይደለም። "ሰው ሲወድቅ ቆሜ ልይ እንዴ?" ይላቸዋል። በመጨረሻ ተቆጠረ።

መኪና ውስጥ ኤሲውን በደንብ ከፍቼ ፊቱን እያየሁ ድራይቭ አደረግሁ። ለአብዲ በመደወሌ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ኳሷ የት እንደደረሰች ነው የሚያወራው። ቤት እንደገባን ሻወር ወስዶ ተኛ። እኔ ኩሽና ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

እሑድ፣ ጁላይ 22

ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ላይ ሰው ሰብስቦ ታሪኩን ያወራል። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ሮጥኩ። ማን እንዳነሳው አይናገርም። "አብዲንስ?" አልኩት ከኋላው። "እሱማ ትንሽ ረድቶኛል" አለ። ሊያ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ በአማርኛ "ዳዲ፣ አጭበርባሪ ነህ" አለችው፣ እሱም አይደለሁም ብሎ እስከ ቤት ድረስ አብሯት ተጨቃጨቀ። ዝም በሉ አላልኩም፣ ይጨቃጨቁ።

ከሰዓት ለአብዲ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በእኔ የተነሳ ቡድኑ ተሸነፈ። "ወይኒ፣ እኔ ያፈርኩት በሌላ ነው። ይሄ ሰውዬ በሽተኛ ነው ብለሽኝ አምኜሽ ነበር" አለኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 23

ጠዋት ከመኝታ ቤት "ወይኒዬ፣ ድረሺልኝ" ሲል ሰማሁ። የጥርስ ብሩሼን ወርውሬ ሮጥኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ መነሳት አቅቶታል። ስልኬን አንስቼ 911 ደውዬ አምቡላንስ ልጠራ ነው።

"ልብህን ነው?"

"የምን ልብ አመጣሽ፣ ታፋዬን ነው እኮ የምልሽ። ተሳስሬያለሁ።"

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ታፋውን አሸሁለት። ቀስ በይ፣ ጠንከር አድርጊው፣ እዚያ ጋ አይደለም እያለ ያዘኛል። ሰዓት ረፈደብኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። ከማርች ወዲህ ከልቡ ሌላ የሚያመው ነገር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።