ጥፋቱን ለነፋስ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ዛሬም የማይክ ገመድ ስጠቀልል ዋልኩ። በክርኔ ዙሪያ ከጠቀለልኩት የስቱዲዮው ባለቤት ጋሮምሳ ይናደዳል፤ ውስጡ ይሰበራል ይላል። ቸርች ውስጥ የድምፅ ሚክሰሩ ጋ ስቀመጥ አዋቂ ነበርኩ... እዚህ ስቱዲዮ ገመድ መጠቅለልም አላውቅም። እማዬ ደግሞ ያ ሁሉ ትምህርት ለሰርግ ቪዲዮ ነው ወይ ማለቷን አልተወችም። ትበል። እኔ ደስ ብሎኛል። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ አዳማ ከነባጃጇ ከነነፋሷ ጭንቅላቴ ውስጥ ትገባለች።

ሻይ ስንጠጣ ጋሮምሳ አንድ ሕግ ነገረኝ። ደንበኛ ፊት "የኛ ጥፋት ነው" አይባልም። ምስል ቢበላሽ ብርሃኑ ነው። ድምፅ ቢጠፋ ነፋሱ ነው። "ጥፋቱን ለነፋስ ስጪ፣ ነፋስ አይከስሽም" አለኝ። ሳቅን። አዳማ ላይ መቼ ነፋስ ጠፍቶ ያውቃል?

ዓርብ፣ ጥር 16

እሁድ አርሲ ነገሌ ሰርግ አለ። የድምፁ ሥራ የኔ ነው፣ ለብቻዬ። ጋሮምሳ ከወደደው በቋሚነት ይቀጥረኛል። ባትሪዎቹን ቻርጅ አደረግኩ። እንደገና አየኋቸው። እንደገና...

ሰኞ፣ ጥር 19

ከየት ልጀምር።

የሙሽራዋ የቀመሪያ አባት ኦቦ ጂብሪል ይባላሉ። ነገሌ ውስጥ ሰው ሲታረቅ፣ ልጅ ሲዳር፣ ዝናብ ሲዘገይ መርቁልን ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ማይኩን ደረታቸው ላይ ሳደርግላቸው "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ። እጃቸው ሣር ሣር ይሸታል።

ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ቆመው እርጥብ ሣሩን ከፍ አድርገው መረቁ። ዝግ ባለ፣ በረጋ ድምፅ። ሰዉ በየመሃሉ አሚን ይላል። የሞቱትን ባለቤታቸውን ጠሩ። ሙሚና ብትኖር እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጠውን የሲንቄ በትር በገዛ እጇ ትሰጥሽ ነበር አሉ። ቀመሪያ አለቀሰች። ሲጨርሱ ሪከርደሩን ላጥፋ ብዬ እጄን ስሰድ ቀዩ መብራት የለም።

የመቅጃውን ቁልፍ አልጫንኩትም። በሄድፎን ጥርት ብለው ስለተሰሙኝ የተቀዳ መስሎኝ... የጋሮምሳ ካሜራ ደግሞ ደጅ ከሚመታው ከበሮ ሌላ የያዘው ድምፅ የለም።

ጋሮምሳ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነፋስ ልል ነበር። ቤት ውስጥ ነን፣ መጋረጃው እንኳ አይነቃነቅም። እና ምን አልኩ?

"የአባባ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው። አልተሰማም። ጮክ ብለው ይድገሙልን።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አወቅኩት እንጂ። ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ።

ኦቦ ጂብሪል ደረታቸው ላይ ያለችውን ማይክ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "አልተሰማም?" አሉኝ። አልተሰማም አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ደገሙ። ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ እየጮሁ። የሙሽራው ጓደኞች ሳቁ። መሃል ላይ ቃሉ ጠፋባቸውና ቆሙ፣ ቀጠሉ፣ ቶሎ ጨረሱ። ሙሚናን ሳይጠሩ።

በሁለተኛው ጊዜ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ጋሮምሳ ድምፁን ወደደው። ቀጠረኝ። እማዬ ዶሮ ልሥራልሽ አለች፤ ሆዴን አሞኛል አልኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ለጋሮምሳ ልንገረው? ምን ይለኛል? "ጎበዝ፣ ሕጉ ገብቶሻል" ቢለኝስ... የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ቀመሪያ ስቱዲዮ መጣች። ትዳሯ እዚሁ አዳማ ነው። ከሰርጉ በኋላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል። አልበሙን ልትወስድ መስሎኝ ነበር። ድምፅ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። አባቷ መጀመሪያ የመረቁት፣ እናቷን የጠሩበት፣ ትንሽም ብትሆን አልተረፈችም ወይ? ዝቅ ያለ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማዋለሁ አለችኝ።

የለም አልኳት። እሱ እንኳ እውነት ነው።

ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። አባቷ ከዚያ ወዲህ መመረቅ እንደተዉ ነገረችኝ። በኢድ ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲጠብቅ ተራውን ለታናሽ ወንድማቸው ለቀቁ። ጎረቤት ሲታረቅም ተጠርተው ቀሩ። "ድምፄ አልቋል። ከአዳማ የመጡት ልጆች እንኳ በመሣሪያ አጥተውታል" ይላሉ አለችኝ። ቀመሪያ ያረጀ ሰው ሆድ ይብሰዋል ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አጠገቤ ናት፣ ሰው የለም። አፌን ከፈትኩ። ሻይ ትጠጫለሽ አልኳት።

ሻይ!

እሁድ፣ ሚያዝያ 12

ቸርች ሚክሰሩ ጋ ተቀምጬ ፓስተሩ ያለውን አንድ ቃል አልሰማሁም። ዓይኔ ቀዩዋ መብራት ላይ ተተክሎ ቀረ። የሰው ድምፅ ነው የወሰድኩት። ሌባ ቢሆን ይመልሳል። እኔ ምኑን እመልሳለሁ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የቀመሪያ ታናሽ ሃፍሳ ልትዳር ነው። ለቀረጻው የኛ ስቱዲዮ ተመርጧል። ጋሮምሳ ደስ ብሎታል፣ ጥሩ ብንሠራ ነው እንጂ አይመለሱም ነበር ይላል። የሚመርቀው አጎቷ ነው ተብሏል፤ ማይኩ ለእሱ ይዘጋጅ አለኝ።

ታምሜአለሁ ብዬ ልቅር?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አልቀረሁም።

ትናንት ነገሌ ስንደርስ ኦቦ ጂብሪል ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በልጃቸው ሰርግ፣ እንደ እንግዳ። አንጀቴን በላው። ማይኩን ይዤ ሄድኩ። "ለወንድሜ ነው እሱ። የኔ አይያዝም" አሉኝ። ተንበረከክኩ። ጋሮምሳ ካሜራውን እንደያዘ ከኋላዬ መጣ፤ ጥላው ታየኝ። እዚያ ላይ አቁሜ ቢሆን ኖሮ መቼም አልለውም ነበር።

"አባባ፣ ያን ቀን ድምፅዎ ምንም አልሆነም። መሣሪያውን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁዎት።"

ይቆጡ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ወንድሞቼ ፊት አልተሰማም አልሽኝ" አሉ። ማይኩን እያዩ፦ "ሙሚናን ሳልጠራ ልጄን ሸኘሁ።"

ይቅርታ አልኩ። ምንም አይደለም አላሉኝም። ልጄም አላሉኝም። ማይኩን ግን ከእጄ ወሰዱ።

የመሸኛው ሰዓት ደረሰ። አጎትየው ሣሩን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኦቦ ጂብሪል ማይኩን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። አጎትየው አንዴ አያቸውና ሣሩን ሰጣቸው። ሣሩን ከፍ አደረጉ፣ መልሰው አወረዱት፣ ወደኔ ዞሩ።

"ከፍተሻል?"

ያ ሁሉ ሰው እያየ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀመሪያ ግን አልሳቀችም። እኔን አየች፣ አባቷን አየች... ገባት። መብራቱን አየሁ። ቀይ ነው።

"ከፍቻለሁ አባባ።"

ከዚያ መረቁ። በዚያው በዝግታው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ቀመሪያን ጠርተው ከእህቷ ጎን አቆሟት። ሙሚናን መጀመሪያ ላይ ጠሩ፣ መጨረሻም ላይ ጠሩ። ሰዉ አሚን ይላል፤ እኔም ከሄድፎኑ ሥር አልኩ። ለኔ የሚሆን አንዲት ቃል ትኖር ይሆን ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። አልነበረችም። ልክ ናቸው።

ስንመለስ ዝዋይን ስናልፍ ጋሮምሳ "ለነፋስ ስጪ አልኩ እንጂ ለሰው ስጪ አልኩሽ?" አለኝ። ነፋስ ባይኖርስ ለማን ይሰጣል አልኩት። ሞጆ ስንደርስ ነገ በጠዋት ግቢና ድምፁን አስተካክይ አለኝ። እንዳላባረረኝ በዚያ አወቅኩ።

ዛሬ አስተካከልኩ። ለቀመሪያ ቀድሜ ላኩላት፤ እስካሁን ምንም አልመለሰችልኝም። ትመልስልኝ ይሆን? አላውቅም።

ቅጂው ምርቃቱ ከመጀመሩ በፊት በእሳቸው ድምፅ ይጀምራል። "ከፍተሻል?" ከዚያ የሰዉ ሳቅ፣ ከዚያ የኔ መልስ፣ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ። ጋሮምሳ ሰማውና ይቺን ቁረጫት አለኝ።

አልቆረጥኳትም።